ከሸክላው ጀርባ ያለው ሦስተኛ ሰው፦ የድሮ ፒያኒስቶች ቅጂ "ተገኘ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 በ1925 የታተሙ የድምፅ ቅጂዎች አሜሪካ ውስጥ ከቅጂ መብት ነፃ ሆኑ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ሊያባዛቸው፣ ሊያሰራጫቸው፣ አድሶ ሊለቃቸው ይችላል። አሁን በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲገባ የአንድ ዓመት ሸክላ እንዲህ ይለቀቃል። የድሮ ፒያኒስቶች ስም እንደገና የሚነሳበት ወቅትም ይሄ ነው።

ከዚያ ጋር ሁለት ዓይነት ወሬ አብሮ ይመጣል። አንዱ ወገን ስለ ሩሲያዊው ፒያኒስትና አቀናባሪ ራህማኒኖፍ ሲያወራ "በቃ፣ እንዲህ ነበር የሚጫወተው፣ በጆሯችን ሰማነው" ይላል። ሌላው ይጠራጠራል። "ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ የጠራ ድምፅ ከየት መጣ? ኮምፒውተር የሠራው ነው" ይላል። ሁለቱም የዘለሉት ነገር አለ። የድሮ ቅጂ ስንከፍት የምንሰማው የሦስት ሰዎችን ሥራ ነው። አንዱ ፒያኒስቱ ነው። ሁለተኛው ያኔ የቀዳው ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ዛሬ ከሸክላው ላይ ድምፁን ያወጣው ሰው ነው። የሦስተኛው ስም ብዙ ጊዜ አይነሳም። ሙዚቃው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ድምፁ የቱ ጋ እንደሚቆም፣ አንዳንዴም ማን እንደሚጫወት ሳይቀር የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ከቀንዱ ወደ ማይክሮፎኑ

1925 ተራ ዓመት አይደለም። ከዚያ በፊት ድምፅ የሚቀዳው ያለ ኤሌክትሪክ ነበር። ትልቅ ቀንድ ፒያኖው አጠገብ ይደቀናል። ድምፁ በቀንዱ ገብቶ ቀጭን ሽፋን ያንቀጠቅጣል። ሽፋኑ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። መርፌው በሚሽከረከር ሰም ላይ ቦይ ይቆፍራል። ድምፁን የሚያጎላ ሌላ ጉልበት የለም፤ ሰሙን የሚቆፍረው የፒያኖው የራሱ ድምፅ ነው።

ይህ ዘዴ ለፒያኖ ፈጽሞ አልተመቸም። የፒያኖ የመጨረሻው ታችኛ ቁልፍ በሰከንድ 27 ጊዜ ተኩል ይርገበገባል፤ የመጨረሻው ላይኛ ደግሞ 4,186 ጊዜ። ቀንዱ የሚይዘው መሃል ላይ ያለውን ነው። ባሱ ይሳሳል፣ የላይኛው ብርሃን ይደበዝዛል። በ1910 አካባቢ የተቀዳ ፒያኖ ከግድግዳ ማዶ የሚመታ የክር መሣሪያ የሚመስለው ለዚህ ነው። የተጫዋቹ ጣት ጥፋት የለበትም።

ማርች 21 ቀን 1925 ፒያኒስቱ አልፍሬድ ኮርቶ ኒው ጀርሲ፣ ካምደን ውስጥ በቪክተር ኩባንያ ስቱዲዮ ማይክሮፎን ፊት ተቀመጠ። የአቀናባሪዎቹን የሾፐንንና የሹበርትን ሥራዎች ተጫወተ። ኩባንያው በአዲሱ የኤሌክትሪክ ዘዴ ከቀዳቸው የመጀመሪያ የክላሲካል ቅጂዎች ውስጥ ናቸው። ከዚያ በኋላ የፒያኖ ግራ እጅ በሸክላ ላይ በወጉ መሰማት ጀመረ።

ማይክሮፎኑም ያልፈታው ችግር ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ፒያኒስቱ አርቱር ሽናበል ከ1932 እስከ 1935 ለንደን ውስጥ 32ቱንም የቤትሆቨን ሶናታዎች፣ ማለትም ለፒያኖ ብቻ የተጻፉ ረዘም ያሉ ሥራዎች፣ ሲቀዳ በየአራት ደቂቃው ገደማ እያቆመ ነው። የተሳሳተውን ቆርጦ ጥሩውን መቀጠል የሚባል ነገር የለም። ሳትከው? ገጹን ከመጀመሪያው ትጫወታለህ፤ ወይም እንዳለ ትተወዋለህ። ሽናበል ላይ የተሳቱ ኖታዎች የሚሰሙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የምንሰማቸው "እንከን የለሽ" ቅጂዎች ብዙዎቹ ከብዙ ሙከራ ተመርጠው የተሰፉ ናቸው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ "የድሮዎቹ ቴክኒክ አልነበራቸውም" ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

"ጠፍቶ የነበረው ተገኘ"

በዜና ላይ "ተገኘ" የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ሳጥን ከፈተ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ሙዚቃው ወጣ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል።

የዩሊየስ ብሎክን ነገር እንመልከት። ብሎክ ሞስኮ ውስጥ የሚኖር ነጋዴ ነበር። በ1889 የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ወደ ሩሲያ አመጣ። ፎኖግራፍ ድምፅን በሰም በተሠራ ሲሊንደር ላይ የሚቀዳ፣ ከዚያም የሚያጫውት ማሽን ነው። ብሎክ ለሙዚቃ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነበርና የዘመኑን ሙዚቀኞች ወደ ማሽኑ ይጋብዝ ጀመር። በ1894 አቀናባሪው አንቶን አሬንስኪ የራሱን ትሪዮ (ለሦስት ተጫዋቾች የተጻፈ ሥራ) በፒያኖ አጅቦ ተቀዳ። በ1898 ፒያኒስቷ አና ኢሲፖቫ ተቀዳች፤ በኋላ የአቀናባሪው የፕሮኮፊየቭ አስተማሪ የሆነችው እሷ ናት። ዕውቁ ፒያኒስት አንቶን ሩቢንስታይን ግን ለመጫወት እምቢ አለ። ሁለት ሦስት ቃል ከመናገር አላለፈም።

ሲሊንደሮቹ በርሊን ገቡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጠፉ መሰሉ። ኋላ ላይ ግን ሴንት ፒተርስበርግ፣ ፑሽኪን ቤት በሚባለው የሥነ ጽሑፍ ተቋም ውስጥ መኖራቸው ታወቀ። በ2008 አሜሪካዊው የድምፅ ባለሙያ ዋርድ ማርስተን በሦስት ሲዲ አወጣቸው።

አስተውሉ፤ ሲሊንደሮቹ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ቁጥር ነበራቸው። የሚጠብቃቸው ሰው ነበራቸው። የጎደለው ምን እንደሆኑ አውቆ የሚጠይቅ፣ ከዚያም ሰሙን ሳይጎዳ ድምፁን የሚያወጣ ሰው ነው። "ግኝት" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ማርስተን ራሱ ዓይነ ስውር ነው። ስለ እሱ ሲወራ ይህ ሁሌም ይነሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን ትዕግሥቱ ነው። ለዚህ የራህማኒኖፍ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

ዲሴምበር 1940 ላይ ሰርጌይ ራህማኒኖፍ የመጨረሻ ትልቅ ሥራውን፣ ሲምፎኒክ ዳንስ የሚባለውን፣ ጨርሷል። ሥራውን ያበረከተው ለመሪው ዩጂን ኦርማንዲና ለፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 1941 ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀርብ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ወደ ኦርማንዲ ዘንድ ሄደ። ፒያኖ ላይ ቁጭ ብሎ "እንዲህ ነው የምፈልገው" እያለ መጫወት ጀመረ። ለኦርኬስትራ የተጻፈውን ሁሉ በሁለት እጁ ያመጣዋል። እጁ ያልደረሰበትን በአፉ ያዜመዋል። ያቆማል፣ ይናገራል፣ ይመለሳል፣ ይደግማል። ይህ ሁሉ ተቀድቶ ነበር።

ራህማኒኖፍ ኮንሰርቱ በሬዲዮ እንዲተላለፍ የማይፈቅድ ሰው ነበር። በ1943 ሲሞት በሕዝብ ፊት ሲጫወት የተቀዳ ድምፁ የለም ተብሎ የተደመደመው ለዚህ ነው። የኦርማንዲ ሸክላዎች ግን በኦርማንዲ ስብስብ ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። በ2018 ማርስተን አወጣቸው። ሸክላው ላይ ያለው በሥራው ቅደም ተከተል አልነበረም፤ ከመሃል ይጀምራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይዘላል። ስለዚህ ማርስተን ቁርጥራጮቹን እንደ ኖታው ቅደም ተከተል ደረደራቸው። ያልተነካውን ቅጂም አብሮ አተመው። ይህን ሁለተኛውን ውሳኔ አትርሱት፤ እንመለስበታለን።

ሸክላው በምን ፍጥነት ይሽከርከር?

በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1860 ፓሪስ ውስጥ በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የተጻፈ የድምፅ መስመር በኮምፒውተር ወደ ድምፅ ቀየሩ። የሴት ወይም የልጅ ዜማ ተሰማ። ዓለም ሁሉ አወራው። በዓመቱ ግን ያጫወቱት በእጥፍ ፍጥነት እንደነበር ታወቀ። ድምፁ የወንድ ነበር፤ ምናልባትም የመሣሪያው ፈጣሪ የኤድዋር ሊዮን ስኮት ራሱ። የፍጥነት ስህተት ሰውን ሊቀይር ይችላል።

ፒያኖ ላይ ስህተቱ ያን ያህል አይጋነንም። ስለዚህ ይደበቃል። "78 ዙር" የሚለው ስም ለዘመናት ያሳሳተን ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ኩባንያዎች በደቂቃ 78 ዙር የሚል አንድ መለኪያ አልነበራቸውም። አንዱ ከ75 በታች ይቀዳል፣ ሌላው ከ80 በላይ። አንዳንዴ ማሽኑ ሸክላው እስኪያልቅ ይቀንሳል ወይም ይፈጥናል። ኖርዌያዊው አቀናባሪ ኤድቫርድ ግሪግ በ1903 ፓሪስ ውስጥ የቀዳቸው ዘጠኝ ገጾች የሚታወቁት በዚህ መዋዠቅ ነው። የፒያኖው ድምፅ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል፤ የተወዛወዘው ግን ማሽኑ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሸክላ በ73.6 ዙር ተቀዳ እንበል። እኛ በ78 አጫወትነው። ልዩነቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። በፒያኖ ላይ 6 በመቶ ማለት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው፤ ማለትም ከአንድ ቁልፍ አጠገቡ ወዳለው ቁልፍ መዝለል። አራት ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ 3 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ይሆናል። ሰሚው "እንዴት ፈጣን ጣት ነበራቸው!" ይላል። ተማሪው ያንን ፍጥነት ለመድረስ ይታገላል። ፒያኒስቱ ግን እንዲያ ተጫውቶ አያውቅም።

ታዲያ ትክክለኛው ፍጥነት በምን ይታወቃል? ሥራው በምን ቁልፍ እንደተጻፈ ስለምናውቅ ከዚያ መነሳት ይቻላል። ይሁንና የፒያኖው ቅኝት ራሱ አንድ አልነበረም። የፈረንሳይ መለኪያ ከ1859 ጀምሮ "ላ" የሚባለው ድምፅ 435 ኸርዝ እንዲሆን፣ ማለትም በሰከንድ 435 ጊዜ እንዲርገበገብ ነበር። 440 በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመከረው በ1939 ነው። በሁለቱ መካከል ከአንድ በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ልዩነት አለ። በኤሌክትሪክ ዘመን ቅጂዎች ላይ ሌላ ፍንጭ ይገኛል፤ አንዳንዴ የመብራቱ እምምታ አብሮ ተቀድቷል። አሜሪካ ከሆነ 60፣ አውሮፓ ከሆነ 50 ኸርዝ ላይ መቀመጥ አለበት። እሱን ይዞ ማስተካከል ይቻላል። በቀንድ ዘመን ግን የሚቀረው ጆሮ፣ ልምድና ፍርድ ነው። ሁለት ሐቀኛ ባለሙያዎች አንዱን ሸክላ በተለያየ ፍጥነት ቢያወጡት አይግረማችሁ።

ማጥራት እስከ የት?

ሥራው የሚጀምረው በሶፍትዌር አይደለም። መጀመሪያ ሸክላው ይታጠባል። ቀጥሎ መርፌ ይመረጣል። ኤልፒ ለሚባለው፣ በኋላ ለመጣው ረጅም ሸክላ የሚሆነው መርፌ ለድሮው ሸክላ ይቀጥናል፤ የድሮው ቦይ የሚፈልገው ሦስት እጥፍ ገደማ የሚወፍር ነው። ያ ብቻም አይበቃም። ሸክላው ለዓመታት በከባድ የብረት መርፌ ተጫውቷል። ያ መርፌ የቦዩን ግድግዳ አንድ ከፍታ ላይ በልቶታል። ባለሙያው ትንሽ ወፍራም ወይም ትንሽ ቀጭን መርፌ ሲያስገባ መርፌው ካልተበላው የግድግዳ ክፍል ጋር ይገናኛል። ያኔ በብዙ ፕሮግራም የማይመጣ ጥራት በአንድ መርፌ ለውጥ ይመጣል። የተሻለ ቅጂ ፍለጋም አለ። የአንዱ ሸክላ መጀመሪያ ደህና ሆኖ መጨረሻው ተጭሮ ከሆነ፣ መጨረሻው ከሌላ ሸክላ ይወሰዳል።

ከዚህ በኋላ ነው ኮምፒውተር የሚመጣው። ክርክሩም የሚጀምረው እዚህ ነው።

አንዱ ወገን ሽሽታው፣ ማለትም ሸክላው ሲዞር የሚያሰማው የ"ሽሽ" ድምፅ፣ ይጥፋ ይላል። አዲስ ሰሚ ያንን ጩኸት ሲሰማ ሦስት ሰከንድም አይቆይም፤ ካልጠራ ማን ያዳምጠዋል ይላል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ያልተሰማ ቅጂ መኖሩ ብቻውን ለማንም አይጠቅምም።

ሌላው ወገን ስለ ፒያኖ ተፈጥሮ ያነሳል። ፒያኖ ቁልፉ ከተመታ በኋላ ድምፁ ቀስ እያለ እየከሰመ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ድምፁ ከሽሽታው ያንሳል። ፕሮግራሙ ሽሽታውን ሲያጠፋ ይህን ጭራም ይቆርጠዋል። የፔዳሉ እስትንፋስ፣ በሁለት ኖታ መካከል ያለው አየር አብሮ ይሄዳል። የቀረው ድምፅ ንጹሕ ነው፤ ግን የታሸገ ይመስላል። ጆሮ ደግሞ ሽሽታን በሁለት ደቂቃ ይለምደዋል። የተቆረጠውን ግን መልሶ ሊያመጣው አይችልም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታደሰው ላይ ጥያቄው ይከብዳል። እነዚህ ፕሮግራሞች ከሌሎች ብዙ ቅጂዎች የፒያኖን ድምፅ ተምረዋል። ማጥፋት ብቻ ሳይሆን መሙላትም ይችላሉ። ቀንዱ ያልያዘው ባስ ሲጨመር ያ ባስ ከሸክላው የመጣ አይደለም። ፕሮግራሙ "ፒያኖ እንዲህ መሆን አለበት" ብሎ የገመተው ነው። ለመደሰት ያዳምጡት፤ ክፋት የለውም። የአንድን ፒያኒስት አነካክ ለማጥናት ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ከዚህ የራቀ ሙከራም ተደርጓል። ዜንፍ የሚባል ኩባንያ በ2007 ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ በ1955 የቀዳውን ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ የተባለ የባኽ ሥራ በኮምፒውተር ተንትኖ፣ በራሱ በሚጫወት ዘመናዊ ፒያኖ አስጫውቶ እንደገና ቀዳው። ቢያንስ እንዳደረገው በግልጽ ተናግሯል።

የኔ ሚዛን ወደ ቀላሉ እጅ ያደላል። አዳሹ ትንሽ ይንካ። የነካውን ይናገር። ማርስተን በራህማኒኖፍ ላይ እንዳደረገው ያልተነካውንም አብሮ ያውጣ። ዲጂታል ፋይል ቦታ አይፈጅም፤ ሰሚው አወዳድሮ ይፍረድ።

ወረቀቱ ሌላ ነው

አንድ የተለመደ መምታታት እዚህ ይጥራ። "ፈረንሳዊው አቀናባሪ ደቡሲ ራሱ ሲጫወት፣ በሚገርም ጥራት" የሚል ቅጂ ካጋጠማችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፒያኖ ጥቅል ነው። ጥቅሉ ቀዳዳ ያለው ረጅም ወረቀት ነው። ቬልቴ ሚኞን የተባለው የጀርመን ሥርዓት በ1904 ወጣ። ፒያኒስቱ ሲጫወት የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ ይመዘገባል። በኋላ ወረቀቱ በሌላ ፒያኖ ላይ ሲገባ ቁልፎቹ ራሳቸው ይወርዳሉ። የምትሰሙት ድምፅ የዛሬ ፒያኖ ነው፤ ለዚህ ነው የሚጠራው። የክንዱ ክብደትና የድምፁ ቀለም በቀዳዳ ሙሉ በሙሉ አይያዝም።

ጥቅሉ ግን ዋጋ ቢስ አይደለም። ደቡሲ "የሰመጠው ካቴድራል" የተባለውን ሥራውን በጥቅል ሲያስመዘግብ አንዳንድ ክፍሎችን በእጥፍ ፍጥነት ተጫውቷቸዋል። በታተመው ኖታ ላይ ይህ አልተጻፈም። ብዙዎች ለዓመታት እነዚያን ክፍሎች ሲያንቀራፉ ኖረዋል። ወረቀቱ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?

ስሙ ሲሳሳት

ሮማንያዊው ፒያኒስት ዲኑ ሊፓቲ በ1950 በ33 ዓመቱ ሞተ። የተወው ቅጂ ጥቂት ነው። ስለዚህ በ1960ዎቹ የሾፐን የመጀመሪያ ፒያኖ ኮንቸርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) በሊፓቲ ተብሎ ሸክላ ሲወጣ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው። ተቺዎች አደነቁት፤ ይህ የሊፓቲ ነፍስ ነው ተባለ። በ1981 ቅጂው በቢቢሲ ሲተላለፍ አንድ አድማጭ ከሌላ ሸክላ ጋር አንድ መሆኑን ለየ። ተጫዋቿ ፖላንዳዊቷ ሃሊና ቼርኒ ስቴፋንስካ ነበረች። በኋላ ሊፓቲ በፌብሩዋሪ 1950 ዙሪክ ላይ የተጫወተው እውነተኛው ቅጂ ወጣ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ ቼርኒ ስቴፋንስካ ናት። ያ ሁሉ ውዳሴ የእሷ ጣት ያመጣው ነው። ስሟ ግን ከሸክላው ላይ አልነበረም።

ሊፓቲ ላይ የሆነው ስህተት ነው። የጆይስ ሃቶ ግን ማጭበርበር ነበር። እንግሊዛዊቷ ፒያኒስት በእርጅናዋ ከመቶ በላይ ሲዲ አወጣች ተባለ፤ ተቺዎች ተደነቁ። በ2007፣ ከሞተች በኋላ፣ አንድ አድማጭ ሲዲዋን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገባ ፕሮግራሙ የሌላ ፒያኒስት፣ የላስሎ ሲሞን ስም አሳየው። የድምፅ ሞገዶቹ ሲመረመሩ የብዙ ፒያኒስቶች ቅጂ መሆናቸው ተረጋገጠ። ባለቤቷም አመነ። ለሃያ ዓመት የሠለጠነ ጆሮ ያልያዘውን፣ የትራኮችን ርዝመት የሚያመሳስል ፕሮግራም ያዘው። ቴክኖሎጂ በዚህ ሥራ ላይ ጠላት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ለምን እንደክማለን?

አቀናባሪውና ፒያኒስቱ ፍራንዝ ሊስት በ1886 ሞተ። ድምፁ አልተቀዳም። ተማሪዎቹ ግን ተቀድተዋል፤ ኤሚል ዛወር፣ ሞሪዝ ሮዘንታል፣ ፍሬደሪክ ላሞንድ፣ ሌሎችም። ሾፐን በ1849 ሞተ። የተማሪው የካሮል ሚኩሊ ተማሪ ራውል ኮቻልስኪ ግን ሸክላ ላይ አለ። የፒያኒስቷ የክላራ ሹማን ተማሪ ፋኒ ዴቪስ በ1928 የክላራን ባል የሮበርት ሹማንን ኮንቸርቶ ቀድታለች።

እነዚህን ስትሰሙ መጀመሪያ የምታስተውሉት ሁለቱ እጆች አብረው አለመውረዳቸው ነው። ግራ እጅ ባሱን ይመታል፤ ቀኝ እጅ ዜማውን ለቅጽበት አዘግይቶ ያስከትላል። አንድ ላይ የተጻፉ ኖታዎች ተበትነው ይመጣሉ። ፍጥነቱ እንደ ንግግር ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ዛሬ በውድድር ላይ እንዲህ የሚጫወት ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል።

አንዳንዶች ይህ የዘመኑ መረን የለቀቀ ልማድ ነበር፤ ዘመናዊው አጨዋወት ለኖታው ይበልጥ ታማኝ ነው ይላሉ። ሌሎች ኖታው የተጻፈው በዚያ ልማድ ውስጥ ላደገ ሰው ነው፤ ያልተጻፈውን ሁሉም ያውቀው ነበር ይላሉ። ለኔ ሁለተኛው ያሳምነኛል፤ አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። ሮዘንታልና ዛወር የአንድ ሰው ተማሪዎች ሆነው አጨዋወታቸው ይለያያል። ደግሞም ሲቀዱ ብዙዎቹ ሽማግሌ ነበሩ። ከአንድ ሸክላ ተነስቶ "ሊስት እንዲህ ነበር" ማለት አይቻልም። ከብዙ ሸክላ ተነስቶ "የሚቻለው ከምናስበው ይሰፋ ነበር" ማለት ግን ይቻላል።

የሕጉ ነገር

ይህን ሁሉ ማን ሊያወጣው ይችላል የሚለው በአገሩ ሕግ ይወሰናል። አሜሪካ በ2018 ባወጣችው ሕግ ከ1923 እስከ 1946 የታተሙ ቅጂዎች ለመቶ ዓመት ይጠበቃሉ። ከ1947 እስከ 1956 ያሉት ለ110 ዓመት። ከዚያ በኋላ እስከ 1972 መጀመሪያ ያሉት እስከ 2067 ድረስ። በአውሮፓ ኅብረት ግን ከ1963 በፊት የታተሙት ነፃ ናቸው። ስለዚህ በ1950 የታተመ የሊፓቲ ሸክላ ፓሪስ ላይ የሕዝብ ነው፤ ኒው ዮርክ ላይ እስከ 2060 መጨረሻ የኩባንያ ነው።

ግጭቱ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ከ400 ሺህ በላይ የድሮ ሸክላ ቅጂዎችን ወደ ዲጂታል ገልብጦ በነፃ አቀረበ። ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች በኦገስት 2023 ከሰሱት። በመጀመሪያው ክስ 2,749 ቅጂዎች ተጠቅሰው የካሳው መጠን ከ400 ሚሊዮን ዶላር ሊያልፍ ይችል ነበር። በሴፕቴምበር 2025 በስምምነት አለቀ፤ ዝርዝሩ አልተገለጸም። ኩባንያዎቹ እነዚህ ዘፈኖች በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ አሉ። አርካይቩ የተጫረው ሸክላ ራሱ የታሪክ ቅርስ ነው አለ።

ለዕውቅ ስሞች የኩባንያዎቹ ክርክር ያስኬዳል። ራህማኒኖፍን የሚያሳትም አይጠፋም። የሚያሳስበው ሁለት ሸክላ ብቻ ቀድቶ የተረሳው ፒያኒስት ነው። ኩባንያው አይሸጠውም፣ ሌላው እንዳያወጣው ሕጉ ያስፈራዋል። ሸክላው እስከዚያ ይሰበራል።

ከአዲስ አበባ የተቀዱ ካሴቶች

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም ፒያኒስት አሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ገብተው ሙዚቃ ተማሩ፤ በኋላም ካይሮ ላይ ቀጠሉ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። ዓለም የሰማቸው ግን ሸክላቸው እንደገና በሲዲ ሲወጣ፣ በ2006 ነው። በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ።

ከዚያ በኋላ፣ በ2024፣ ሌላ ነገር ወጣ። እማሆይ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው በካሴት የቀዷቸው መዝሙሮች ናቸው። በፒያኖ ብቻ የሚያውቃቸው ሰሚ በእነዚህ ላይ ሲዘምሩ ሰማቸው። በአማርኛ። ስለ አገር፣ ስለ ስደት፣ ስለ ናፍቆት።

ካሴቱ ንጹሕ አይደለም። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ። የፒያኖው መቀመጫ ሲጥ ይላል። እማሆይ የመቅጃውን ቁልፍ በጣታቸው ሲጫኑት "ጭብ" ይላል። ይህን ሁሉ በዛሬው መሣሪያ ለማጥፋት አንድ ከሰዓት ይበቃል። ፒያኒስቷም ቀጂዋም አንድ ሰው ናቸው፤ ድምፁ የክፍሉ፣ የቀኑ፣ የጣታቸው ነው። ካሴቱን ለኅትመት ያዘጋጁት ሰዎች ወፎቹን ተዉአቸው። ቁልፉም ሲጫን ይሰማል።